የጎቢ ዓሦችን ምደባ ለሚከታተል ሰው፦ የኤሽማየር የዓሦች ካታሎግና ፊሽቤዝ ሲመዘኑ

የዓሣ ዝርያዎችን ስም፣ ዝምድናና አኗኗር በነፃ ለማየት ከሚያስችሉ የኢንተርኔት አገልግሎቶች መካከል ሁለቱ ከሌሎቹ ጎልተው ይታያሉ። አንደኛው በሳን ፍራንሲስኮ የሚገኘው የካሊፎርኒያ የሳይንስ አካዳሚ የሚያኖረው የኤሽማየር የዓሦች ካታሎግ ሲሆን፣ ሁለተኛው ፊሽቤዝ ነው። ሁለቱንም በደፈናው ማመስገን ቀላል ነው፤ ጥንካሬያቸውና ጉድለታቸው በትክክል የሚታወቀው ግን አስቸጋሪ የዓሣ ቡድን ሲቀርብላቸው ነው። ለእንዲህ ዓይነቱ ፈተና ደግሞ ከጎቢዎች የተሻለ ቡድን ማግኘት ያዳግታል። ጎቢዎች ከ2,000 በላይ ዝርያዎችን ያቀፉ፣ አብዛኞቹ ከጣት የማይበልጡ ዓሦች ናቸው። በኮራል ቅርንጫፎች መካከል፣ በማንግሮቭ ጭቃ ላይ፣ በሚወረወር ፏፏቴ ሥር፣ ብርሃን በማይደርስበት የዋሻ ውኃ ውስጥ ሳይቀር ይኖራሉ፤ የቤተሰብ አከፋፈላቸውም ባለፉት ጥቂት ዐሥርት ዓመታት ከሥር መሠረቱ ተለውጧል። ስለዚህ በዚህ ግምገማ ሁለቱን አገልግሎቶች የምመዝነው በአንድ ጥያቄ ነው፦ አንድ አንባቢ የአንድን ጎቢ ስም ይዞ ሲመጣ፣ ዓሣው ዛሬ የት እንደተመደበና ለምን እዚያ እንደተመደበ ሊያውቅ ይችላልን? በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በካታሎጉ እጀምራለሁ። ሥራውን የጀመረው የዓሣ ተመራማሪው ዊሊያም ኤሽማየር ሲሆን፣ በ1998 በሦስት ትላልቅ ቅጾች ከታተመ በኋላ ወደ ኢንተርኔት ተሸጋግሮ እስከ ዛሬ ድረስ በየጊዜው እየታደሰ ይገኛል። መልኩ እጅግ ቁጥብ ነው። ሥዕል የለውም፣ ካርታ የለውም፣ የዓሣውን ቀለም የሚገልጽ አንድ ዐረፍተ ነገር እንኳ አይገኝበትም። ያለው ስም ነው፤ ስሙን ማን እንዳወጣው፣ በየትኛው ዓመት፣ በየትኛው መጽሐፍ ስንተኛው ገጽ ላይ፣ ከየት በተገኘ ናሙና ላይ ተመሥርቶ እንደሆነ፣ ናሙናው ዛሬ በየትኛው ሙዚየም እንደሚገኝ፣ ከዚያም በኋላ የተነሡ ተመራማሪዎች ስሙን እንዴት እንደተጠቀሙበት ተራ በተራ ይዘረዝራል። በመጨረሻ ደግሞ ስሙ ዛሬ የጸና መሆኑን፣ ወይም የሌላ ስም ድጋሚ መሆኑን በአጭሩ ይፈርዳል።

ይህ ደረቅ የሚመስል አቀራረብ ምን ያህል እንደሚጠቅም ለማየት በእንግሊዝኛ ራውንድ ጎቢ የሚባለውን ዓሣ መፈለግ ይበቃል። ካታሎጉ ዓሣውን የሚያስቀምጠው ሜላኖስቶመስ በሚለው የዝርያ ስም ሥር ሲሆን፣ የተፈጥሮ ተመራማሪው ፓላስ በ1814 መጀመሪያ የሰየመው ጎቢየስ ሜላኖስቶመስ ብሎ እንደነበረ ያሳያል። ዛሬ የጸናው ስም ኒዮጎቢየስ ሜላኖስቶመስ ነው፤ የፓላስ ስምና ዓመቱም በቅንፍ ውስጥ ተጽፈው ይገኛሉ። ይህ ቅንፍ ትርጉም አለው፦ ዝርያው መጀመሪያ ከተመደበበት ወገን (ተቀራራቢ ዝርያዎችን ከሚያቅፈው፣ ከቤተሰብ በታች ካለው የምደባ ደረጃ) ወጥቶ ወደ ሌላ ወገን መዛወሩን ይናገራል። በአንጻሩ የሳይንሳዊ ስያሜ ሥርዓት መሥራቹ ሊኒየስ በ1758 የሰየመው ጎቢየስ ኒጀር ከተሰየመበት ወገን ስላልወጣ፣ የሊኒየስ ስም ያለ ቅንፍ ይጻፋል። የጎቢዎችን ዝርዝር ከላይ እስከ ታች ያየ ሰው በቅንፍ የተከበቡት ስሞች ምን ያህል እንደበዙ ሲያስተውል፣ ይህ ቡድን ስንት ጊዜ እንደተደለደለ ማንም ሳይነግረው ይገባዋል።

በራውንድ ጎቢ ታሪክ ውስጥ አንድ ተጨማሪ መታጠፊያ አለ። በ2006 የወጣ የዘረመል ጥናት ዓሣውን አፖሎኒያ ወደሚባል ወገን አዛውሮት ነበር፤ በ2009 የቀረበ ሰፋ ያለ ጥናት ደግሞ ወደ ኒዮጎቢየስ መለሰው። ስለዚህ በእነዚያ ጥቂት ዓመታት የወጡ ጽሑፎች ስለ አንዱ ዓሣ አፖሎኒያ ሜላኖስቶማ በሚል ስም ይናገራሉ። ይህን የማያውቅ አንባቢ ሁለት ዓሦች ያሉ ሊመስለው ይችላል። የካታሎጉ ትልቁ ውለታ እንዲህ ያለውን ውዥንብር ማጥራቱ ነው፤ አሮጌ ስም ተይዞ ሲገባ ወደ አዲሱ ስም የሚያደርስ መንገድ ያሳያል፣ መንገዱ ላይ ያሉትን ማረፊያዎችም አይደብቅም።

ከዚህም የላቀ ምሳሌ ሺንድለሪያ ነው። እነዚህ ዓሦች ሰውነታቸው ገና የእጭ መልክ እንደያዘ ለመራባት የሚደርሱ፣ አጥንታቸው በአብዛኛው ሳይጠነክር የሚቀር ጥቃቅን ፍጡራን ናቸው። የመጀመሪያው ዝርያ በ1930 ሲገለጽ ከጎቢ ጋር ጨርሶ በማይገናኝ፣ የታችኛው መንጋጋው እንደ መርፌ በሚረዝም የዓሣ ወገን ውስጥ ነበር የተመደበው። በ1934 የራሱ ወገን ተሰጠው፤ ከዚያም ለረጅም ጊዜ ብቻውን የቆመ ቤተሰብ ሆኖ ከኖረ በኋላ፣ አጽሙን በጥንቃቄ የመረመሩ ባለሙያዎች በ1990ዎቹ ጎቢ መሆኑን አሳዩ። ዛሬ ጎቢዴ በሚባለው ቤተሰብ ውስጥ ይቆጠራል። በ2004 የተገለጸው ሺንድለሪያ ብሬቪፒንግዊስ ለአቅመ መራባት ሲደርስ ርዝመቱ ከ1 ሴንቲ ሜትር በታች ስለሆነ፣ ከዓለም ጥቃቅን ባለ አከርካሪ እንስሳት መካከል ይመደባል። ይህን ሁሉ ጉዞ በጥቂት መስመሮች ውስጥ ተጽፎ ማንበብ መቻል፣ ቢያንስ ለእኔ፣ ካታሎጉን ለመውደድ በቂ ምክንያት ነው።

ሆኖም ካታሎጉ አንድ ትልቅ ነገር ይጎድለዋል፤ ጉድለቱም በጎቢዎች ላይ ከሌሎች ዓሦች ይልቅ ይከብዳል። የምደባ ገጹ ጎቢዎችን በየቤተሰባቸው ያሰልፋል፤ የየቤተሰቡን ስም ማን በየትኛው ዓመት እንዳወጣው ይነግራል፤ በየቤተሰቡ ስንት የጸኑ ዝርያዎች እንዳሉና ባለፉት ዐሥር ዓመታት ስንት አዳዲስ ዝርያዎች እንደተገለጹም በሠንጠረዥ ያስቀምጣል። አንዱ ቤተሰብ ከሌላው በምን እንደሚለይ ግን በሰፊው አያብራራም። አንባቢው ራያሲክቲዴ፣ ኦዶንቶቡቲዴ፣ ሚሊየሪንጊዴ፣ ኢሊዮትሪዴ፣ ቡቲዴ፣ ታላሴሊዮትሪዲዴ፣ ኦክሱደርሲዴና ጎቢዴ የሚሉ ስሞችን ያነባል፤ እነዚህን ስምንት ቤተሰቦች የለያቸው ምን እንደሆነ ግን ከሌላ ቦታ መፈለግ ይኖርበታል።

ያንን የጎደለውን ማብራሪያ በጥቂቱ ማስቀመጥ ተገቢ ነው፤ አለዚያ ካታሎጉ የሚያቀርበው ዝርዝር የስም ክምር ሆኖ ይቀራል። ጎቢን ለማወቅ የሚረዳው የታወቀ ምልክት የሆድ ክንፎቹ ናቸው። በብዙዎቹ ጎቢዎች ሁለቱ የሆድ ክንፎች ተጋጥመው እንደ ኩባያ ያለ መጣበቂያ ይሠራሉ፤ ዓሣው በዚህ መጣበቂያ ከድንጋይ ጋር ተጣብቆ የውኃውን ግፊት ይቋቋማል። በሃዋይ የሚገኘው ሲክዮፕተረስ ስቲምፕሶኒ በባሕር ያሳለፈውን የእጭነት ጊዜ ጨርሶ ወደ ወንዝ ሲመለስ፣ አፉንና የሆዱን መጣበቂያ እያፈራረቀ ቀጥ ያለ የፏፏቴ ድንጋይ ይወጣል። በአንጻሩ የኢሊዮትሪዴ ዓሦች የሆድ ክንፎች ለየብቻ የቆሙ ናቸው። ቀድሞ የነበሩ ባለሙያዎች ይህን ልዩነት እንደ ዋና መለያ ይዘውት ኖረዋል። ነገር ግን በኮራል አካባቢ የሚኖሩ በርካታ ጎቢዎች ክንፎቻቸው እንደገና ተለያይተዋል፤ ስለዚህ ምልክቱ ብቻውን አይበቃም። ቫለንሲየኒያ ሴክስጉታታ የሚባለው ጎቢ በ1837 ሲገለጽ የኢሊዮትሪስ ወገን አባል ተደርጎ መሰየሙ ምልክቱ እንዴት ሊያሳስት እንደሚችል ያሳያል፤ ይህንንም ካታሎጉ በታማኝነት መዝግቦታል።

ከዚህ የሚሻለው መለያ ከውስጥ ነው። ከስንጥቡ ሽፋን ሥር ቆዳውን ደግፈው የሚይዙ ቀጫጭን አጥንቶች አሉ፤ በኢሊዮትሪዴ በየጎኑ 6 ሲሆኑ በጎቢዴ 5 ናቸው። ሌላው መለያ በጎን በኩል ከራስ እስከ ጅራት የሚዘረጋው የውኃ እንቅስቃሴ መስሚያ መስመር ነው። በራያሲክቲዴ ይህ መስመር በሰውነት ላይ በደንብ ይታያል፤ በሌሎቹ ጎቢዎች ሰውነት ላይ ግን ጠፍቶ፣ በምትኩ ራሳቸው ላይ በረድፍ የተደረደሩ ጥቃቅን የስሜት ነጥቦች ይገኛሉ። የእነዚህ ነጥቦች አደራደር ከወገን ወገን፣ አንዳንዴም ከዝርያ ዝርያ ስለሚለያይ፣ የጎቢ ባለሙያ ማይክሮስኮፕ ፊት ተቀምጦ ረጅም ሰዓት የሚያሳልፈው እነርሱን በመቁጠር ነው። የጣሊያኑ ተመራማሪ ሉዊጂ ሳንዞ ይህን አደራደር በ1911 ሥርዓት ካስያዘለት ጀምሮ የጎቢ ጥናት ያለ እርሱ አይታሰብም። ለእነዚህ ነጥቦች ካታሎጉ አንድ እንኳ ሥዕል የሌለው መሆኑ ከስም መዝገብነቱ የመጣ ነው፤ እንደ ጥፋት አልቆጥረውም፣ ነገር ግን ጀማሪ አንባቢ አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

የቤተሰብ አከፋፈሉን በእጅጉ የለወጠው ግን ዲኤንኤ ነው። ከ2009 ጀምሮ በተከታታይ የወጡ የዘረመል ጥናቶች ቀድሞ ጎቢዴ ይባል የነበረው ግዙፍ ቤተሰብ ሁለት ትላልቅ የዘር ሐረጎችን እንደያዘ አሳዩ። በአንደኛው ውስጥ ከውኃ ወጥተው ጭቃ ላይ የሚሄዱት ማድስኪፐሮች፣ ፏፏቴ የሚወጡት የወንዝ ጎቢዎችና በጭቃ ውስጥ የሚኖሩ እንደ እባብ የረዘሙ ዓሦች ይገኛሉ። ይህ ሐረግ ራሱን የቻለ ቤተሰብ ሲደረግ መጀመሪያ ጎቢዮኔሊዴ ተባለ። ይሁን እንጂ በእንስሳት ስያሜ ደንብ ቅድሚያ የሚሰጠው ቀድሞ ለወጣው ስም ነው፤ ጎቢዮኔሊዴ የሚለው መሠረቱ ከ1874 ሲሆን፣ ኦክሱደርሲዴ ግን የዓሣ ተመራማሪው ጉንተር በ1861 ያወጣው ነው። ስለዚህ ወደ 600 የሚጠጉ ዝርያዎችን የያዘው ቤተሰብ ኦክሱደርሲዴ የሚለውን ስም ያዘ። የዓመታቱ መዝገብ ባይኖር ኖሮ ይህ ውሳኔ የዘፈቀደ ይመስል ነበር፤ ካታሎጉ ዓመታቱን ስለሚያሳይ ምክንያቱን አንባቢው ራሱ ሊያሰላው ይችላል።

ሚሊየሪንጊዴ የሚለው ትንሽ ቤተሰብም በዚሁ መንገድ ነው የታወቀው። በምዕራብ አውስትራሊያ ከመሬት በታች ባሉ ውኃዎች የሚኖሩት የሚሊየሪንጋ ዓሦችና በማዳጋስካር ዋሻዎች የሚገኙት ቲፍሊዮትሪስ ዓይን የሌላቸው ናቸው። በ2012 የወጣ ጥናት እነዚህ በውቅያኖስ የተለያዩ ዓሦች እርስ በርሳቸው የቅርብ ዘመዳሞች መሆናቸውን በዲኤንኤ አሳየ፤ ተመራማሪዎቹም ዝምድናው የደቡቡ ታላቅ አህጉር ጎንድዋና ከመከፋፈሉ በፊት ከነበረ ዘመን የመጣ መሆን አለበት ብለው ደመደሙ። ከጎቢ ዓለም ከሚወጡ ግኝቶች መካከል ይህን ያህል የሚያስደንቀኝ ጥቂት ነው።

ስለ ካታሎጉ አንድ ነገር ልጨምር። በጸሐፊ ስም መፈለግ የሚያስችለው ክፍል የተመራማሪዎችን ሥራ በዘመን ቅደም ተከተል ለማየት ይረዳል። አኪሂቶ ብሎ የሚፈልግ ሰው የጃፓኑን የቀድሞ ንጉሠ ነገሥት የጎቢ ጥናቶች ያገኛል። እርሳቸው ከ1960ዎቹ ጀምሮ የጎቢዎችን የትከሻ አጥንት ለምደባ መጠቀም እንደሚቻል በማሳየት የታወቁ የዘርፉ ባለሙያ ሲሆኑ፣ ዙፋናቸውን ከለቀቁ በኋላ በ2021 ሁለት አዳዲስ የካሎጎቢየስ ዝርያዎችን ከሥራ ባልደረባቸው ጋር ገልጸዋል። በ2007 በቫኑዋቱ የተገኘ የወንዝ ጎቢ ወገን አኪሂቶ ተብሎ መሰየሙም ከዚሁ መዝገብ ይገኛል።

ወደ ፊሽቤዝ ስንመጣ ነገሩ ይለወጣል። ፊሽቤዝ በ1996 ወደ ኢንተርኔት የወጣ፣ ዛሬ ከ35,000 በላይ የዓሣ ዝርያዎችን የሚያቅፍ የመረጃ ቋት ነው። የሚመልሰው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ዓሣው ምን ያህል ያድጋል፣ ምን ይበላል፣ በምን ያህል ጥልቀት ይኖራል፣ ማን ያጠምደዋል፣ ወደ የት ተሰራጨ? ፎቶግራፎች አሉት፤ በየቋንቋው የሚጠራባቸውን ስሞች ይሰበስባል፤ ለእያንዳንዱ መረጃም ምንጩን በቁጥር ያመለክታል። ይህ የመጨረሻው ልማድ በብዙ የኢንተርኔት ገጾች የማይታይ ስለሆነ ሊመሰገን ይገባዋል።

ለታወቁ ጎቢዎች የፊሽቤዝ ገጾች የበለጸጉ ናቸው። ራውንድ ጎቢ ከጥቁር ባሕርና ከካስፒያን አካባቢ ተነሥቶ በ1990 በሰሜን አሜሪካ ሴንት ክሌር ወንዝ፣ በዚያው ዓመትም በባልቲክ ባሕር ግዳንስክ ወሽመጥ መታየቱ የታወቀ ነው፤ ፊሽቤዝ እንዲህ ያሉ የዝርያ መስፋፋቶችን የሚመዘግብበት ራሱን የቻለ ክፍል አለው። ስለ ኮራል ጎቢዎች በሚጽፋቸው ገጾች ላይም ከሽሪምፕ ጋር አብረው የሚኖሩ መሆናቸው ተደጋግሞ ይጠቀሳል። ይህ ትብብር ራሱን የቻለ ትንሽ ተአምር ነው፦ ዓይኑ ደካማ የሆነው ሽሪምፕ ጉድጓዱን እየቆፈረ ከደጅ ሲወጣ አንቴናውን በዓሣው ሰውነት ላይ ያሳርፋል፤ ዓሣው አደጋ ሲያይ ጅራቱን ያርገበግባል፣ ሽሪምፑም ወዲያው ወደ ውስጥ ይመለሳል፤ አደጋው ከቀረበ ዓሣውም ተከትሎት ይገባል።

የፊሽቤዝ ደካማ ጎን የሚገለጠው ጥቃቅኖቹና ያልተጠኑት ጎቢዎች ዘንድ ሲደረስ ነው፤ እነርሱ ደግሞ ብዙኃኑ ናቸው። ኢቪዮታ የሚባለውን ወገን እንውሰድ። ከመቶ በላይ ዝርያዎች አሉት። ከእነርሱ አንዱ የሆነው ኢቪዮታ ሲጂላታ በ2005 በታላቁ የአውስትራሊያ ኮራል ሪፍ በተደረገ ጥናት ከ59 ቀን በላይ እንደማይኖር ተረጋግጦ፣ ዕድሜያቸው ከተመዘገበ ባለ አከርካሪ እንስሳት ሁሉ አጭሩ ተባለ። ለብዙዎቹ የኢቪዮታ ዝርያዎች ግን እንዲህ ያለ ጥናት የለም፤ የሚታወቀው ርዝመታቸውና የተገኙበት ቦታ ብቻ ነው። ፊሽቤዝ ይህን ክፍተት ባዶ አይተወውም። የክብደትና የርዝመት ተዛማጅነታቸውን፣ በምግብ ሰንሰለት ያላቸውን ደረጃና ለዓሣ ማጥመድ ያላቸውን ተጋላጭነት ከዘመዶቻቸውና ከሰውነት ቅርጻቸው በመነሣት በስሌት ይገምታል፤ የሥርጭት ካርታዎችም በኮምፒውተር የተሠሩ ናቸው። ግምት መሆኑን ገጹ ራሱ ይጽፋል፤ ይህ ሐቀኝነት ነው። ግን ቁጥሩ በደማቁ፣ ማሳሰቢያው በአጭሩ ሲቀርብ፣ ጥድፊያ ላይ ያለ አንባቢ ግምቱን እንደ ልኬት ይዞት መሄዱ አይቀርም። የአንድ ሴንቲ ሜትር ዓሣ ሕይወት ከአሥር ሴንቲ ሜትር ዘመዱ ሕይወት በመነሣት ሲገመት፣ ስህተቱ ትንሽ ነው ብሎ ማሰብ አይቻልም። በእኔ አስተያየት የተለካውና የተገመተው በቀለም እንኳ ቢለዩ፣ የመረጃ ቋቱ ዋጋ ከፍ ይል ነበር።

የፊሽቤዝ የፍለጋ ሥርዓት ግን ከካታሎጉ እጅግ ይቀላል። የተለመደ ስም፣ ቤተሰብ ወይም አገር አስገብቶ መጀመር ይቻላል። ካታሎጉ ሳይንሳዊውን ስም በትክክል ለሚያውቅ ሰው የተሠራ ነው፤ ምህጻረ ቃሎቹም ለአዲስ ሰው ከባድ ናቸው፤ ቢሆንም የሙዚየሞች መፍቻና የቃላት መፍቻ ተዘጋጅተውለታል፣ በትዕግሥት ለሚያነብም ይበቃሉ።

ሁለቱ አገልግሎቶች በአንድ ዓሣ ምደባ ላይ ሁልጊዜ አይስማሙም። በተለይ ቀድሞ ጎቢዴ ውስጥ የነበሩና ወደ ኦክሱደርሲዴ የሄዱ ወገኖች፣ አንባቢው በሚያገኛቸው የተለያዩ ምንጮች ላይ በሁለቱም ስም ሊጠሩ ይችላሉ፤ የንዑስ ቤተሰቦች ወሰንም ገና ክርክር ያለበት ነው። እንዲህ ሲያጋጥም ለስሙ ጽናት ካታሎጉን፣ ለአኗኗሩ ፊሽቤዝን፣ ለክርክሩ ምክንያት ደግሞ ካታሎጉ የጠቀሰውን የመጨረሻ ጥናት ራሱን መከተል ነው የምመክረው። ቅደም ተከተሉ እንዲህ እንዲሆን የምፈልገው፣ በፊሽቤዝ የጀመረ ሰው ስሙ እንደተለወጠ ሳያውቅ አሮጌ ጽሑፎችን ሳያገኝ ሊቀር ስለሚችል ነው።

ለተማሪ፣ ለመምህርና ዓሣ ለሚያረባ ሰው ፊሽቤዝ ይበቃል፤ ካታሎጉ ሊያደክማቸው ይችላል። ስለ ጎቢዎች በቁም ነገር ለሚጽፍ፣ ለሙዚየም ባለሙያና የአሮጌ ጽሑፍን ስም ከአዲሱ ጋር ማገናኘት ለሚፈልግ ሰው ግን ካታሎጉ የሚተካው የለም፤ ሁለቱም ያለ ክፍያ መቅረባቸው ደግሞ ለዘርፉ ትልቅ ስጦታ ነው። ከእነርሱ የተወሰደ ምደባ ሲጠቀስ መረጃው የታየበት ቀን አብሮ ሊጻፍ ይገባል፤ ካታሎጉ በየጊዜው ስለሚታደስ፣ ዛሬ የጸና የተባለ የጎቢ ስም በሚቀጥለው እትም የሌላ ስም ድጋሚ ሆኖ ሊገኝ ይችላል።